ቅድስናን ለምን እንሸሻለን? ሁሉም ነገር ሳይገባንስ በእግዚአብሔር መታመን ይቻላል?

ስለ እምነት በሚደረግ ውይይት ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይነሳሉ። አንደኛው «ቅድስና መልካም ነገር ከሆነ ሰው ለምን ይሸሸዋል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ያልገባኝን ነገር እንዴት አምናለሁ?» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው የሰባኪዎች፣ ሁለተኛው የተከራካሪዎች ጉዳይ ተደርጎ ለየብቻው ይታያል። እኔ ግን ሁለቱን ነጣጥሎ ማስረዳት አይቻልም ባይ ነኝ። ቅድስናን የሚገፋ ልብ አብዛኛውን ጊዜ «አልፈልግም» ብሎ አይናገርም፤ «አልገባኝም» ማለት ይቀለዋል። በሌላ በኩል በእውነት ያልገባው፣ መከራ ያቆሰለው፣ እያለቀሰ የሚጠይቅ ሰው አለ። እርሱን «ኃጢአትህን መተው ስላልፈለግህ ነው» ብሎ መወንጀል ከባድ በደል ነው። ሁለቱ ሰዎች የሚናገሩት ቃል አንድ ሊሆን ይችላል፤ የቆሙበት ቦታ ግን በጣም የተራራቀ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቅድስና። ይህ ቃል ሲነሳ በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው የክልከላ ዝርዝር ነው፤ ይህን አትብላ፣ ያን አትጠጣ፣ እዚያ አትሂድ፣ እንዲህ አትልበስ። ፊቱ የማይፈታ፣ የሌላውን ጉድለት ለማየት ዓይኑ የሰላ ሰው ይታየናል። ቅድስና እርሱ ቢሆን ኖሮ የሸሸውን ሰው መውቀስ ባልተገባ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን ጉዳዩን ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 «እኔ እግዚአብሔር አምላካችሁ ቅዱስ ነኝና እናንተ ቅዱሳን ሁኑ» ብሎ ይጀምርና ወደ ዕለት ኑሮ ይወርዳል። እርሻህን ስታጭድ ዳር ዳሩን ለድሃና ለመጻተኛ ተው ይላል። የቅጥር ሠራተኛህን ደመወዝ ይዘህ አትደር፣ መስማት የተሳነውን አትስደብ፣ በዓይነ ስውር ፊት ዕንቅፋት አታኑር፣ ስትፈርድ ለድሃውም ለባለጠጋውም አታዳላ፣ ሚዛንህና መስፈሪያህ እውነተኛ ይሁን ይላል። «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው ቃል የሚገኘውም እዚሁ ምዕራፍ ውስጥ ነው።

እነዚህን ትእዛዛት ቀረብ ብሎ የሚያያቸው ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። መስማት የተሳነው ሰው ስድቡን አይሰማም። ዓይነ ስውሩ ዕንቅፋቱን ያኖረውን ሰው አያይም። ቅጥር ሠራተኛው ደመወዙ ቢያድርበት የት ሄዶ ይከሳል? የሐሰት ሚዛንም የሚሠራው ገዢው ስለማያውቅ ነው። ቅድስና የሚፈተነው ማንም በማያይበት፣ ማንም በማይጠይቅበት፣ የበደልከው ሰው እንኳ መበደሉን በማያውቅበት ስፍራ ነው። እዚያ ቦታ እግዚአብሔርን መምሰል፣ እርሱ ንጹሕ እንደሆነ መንጻት፣ እርሱ እንደሚራራ መራራት ነው። የክልከላ ዝርዝር ቢሆን ሰው ይጨርሰውና «ፈጽሜአለሁ» ብሎ ያርፋል። ይህኛው ግን ልብን ይጠይቃል፤ ልቡን ሰጥቶ የጨረሰ ሰው ደግሞ የለም። እንግዲህ ቅድስና የሚያስፈራበት የመጀመሪያው ምክንያት እዚህ ይጀምራል።

ብርሃኑ ለምን ያስፈራል?

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ላይ ምክንያቱ ያለምንም መሸፋፈን ተነግሯል። ብርሃን ወደ ዓለም መጣ፣ ሰዎች ግን ሥራቸው ክፉ ነበርና ከብርሃን ይልቅ ጨለማን ወደዱ፤ ክፉ የሚያደርግ ሁሉ ሥራው እንዳይገለጥበት ወደ ብርሃን አይመጣም ይላል። ብርሃኑ አነሰ፣ ማስረጃው ጎደለ የሚል ነገር በዚያ ክፍል የለም። ሰዎቹ የሚወዱት ነገር ነበራቸው፤ ብርሃኑ ያንን ነገር አደጋ ላይ ጣለባቸው።

ዕዳ የከበደው ሰው ከባንክ የሚመጣለትን ደብዳቤ ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ የሚከትበት ጊዜ አለ። ዕዳ እንዳለበት ያውቃል፤ የማያውቀው ልኩን ነው። ፖስታው እስካልተቀደደ ድረስ ዛሬን እንደ ምንም ብሎ ይውላል። ብዙ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር የሚኖረው እንዲህ ነው። አምላክ የለም አይልም፤ ሊጸልይ፣ በዓል ሊያከብር፣ ስለ ሃይማኖት ሊከራከርም ይችላል። ለብቻው ዝም ብሎ መቀመጥ ግን አይሆንለትም፤ ዝምታው ሲመጣ ስልኩን ያነሳል፣ ሥራ ይፈልጋል፣ ወሬ ይጀምራል። የሚያሳዝነው ደብዳቤው የያዘው መልእክት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ (2፥14) በእኛ ላይ የነበረው የዕዳ ጽሕፈት በመስቀል ላይ እንደተሻረ ይናገራል። ሰውየው ይህን ማንበብ የሚችለው ፖስታውን ከከፈተ፣ የዕዳውንም ልክ ካየ በኋላ ነው።

መፍራት በራሱ ክፉ አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ ንጉሡ ዖዝያን በሞተበት ዓመት እግዚአብሔርን በከፍተኛ ዙፋን ላይ ባየ ጊዜ «ጠፍቻለሁና ወዮልኝ» ብሏል። ጴጥሮስም መረቡ እስኪቀደድ ዓሣ በያዘ ጊዜ በኢየሱስ ጉልበት ላይ ወድቆ «ጌታ ሆይ፣ እኔ ኃጢአተኛ ነኝና ከእኔ ተለይ» አለው (ሉቃስ 5፥8)። በጌርጌሴኖን አገር የነበሩ ሰዎችም ተመሳሳይ ልመና አቅርበዋል፤ ከአገራችን ውጣልን ብለው ለምነውታል (ማርቆስ 5፥17)። ሁለቱም ወገኖች «ሂድልን» ነው ያሉት። የሆነው ግን የተለያየ ነው። ኢየሱስ ከጌርጌሴኖን ሰዎች ተለይቶ ሄደ፤ ከጴጥሮስ ግን አልተለየም፣ «አትፍራ» አለው።

ልዩነቱ ምን ነበር? ጴጥሮስ «ተለየኝ» ያለው ጉልበቱ ላይ ወድቆ ነው። አፉ ሂድ ይላል፤ ሰውነቱ ግን የሙጥኝ ብሏል። ራሱን አይቶ ነው የደነገጠው። የጌርጌሴኖን ሰዎች የተመለከቱት ሌላ ነገር ነበር። ማንም ሊያስረው ያልቻለ፣ በመቃብር መካከል ሌሊትና ቀን የሚጮህ፣ ሰውነቱን በድንጋይ የሚቆራርጥ ሰው ልብስ ለብሶ፣ ወደ ልቡ ተመልሶ ተቀምጧል። ወንጌላዊው «ፈሩ» የሚለው ይህን ባዩ ጊዜ ነው። በሌላ በኩል ኢየሱስ ከሰውየው ያወጣቸው አጋንንት የገቡባቸው 2000 የሚያህሉ እሪያዎች ባሕር ገብተው አልቀዋል። የዳነ ሰውና የጠፋ መንጋ ፊት ለፊታቸው ነበር፤ ሁለቱን መዝነው ኢየሱስ እንዲሄድላቸው ለመኑ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም የእምነት ክርክር አልተነሳም። የተሠራውን አይተዋል፣ ምስክሮቹም ነግረዋቸዋል፤ ሁሉም ነገር ግልጽ ነበር። ቅዱሱ አጠገባቸው ከቆየ ሌላ ምን እንደሚያሳጣቸው አላወቁም።

ቅድስና ዋጋ አያስከፍልም ብሎ የሚያስተምር ሰው የዋህ ነው፤ ካልሆነም አታላይ ነው። የተጣመመ ገቢ ይቀራል። የተደበቀ ግንኙነት ይቋረጣል። ለዓመታት ያጌጠ ቂም ይወርዳል፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ቂም ያለው ሰው ራሱን እንደ በዳይ አያይም፤ ፍትሕ የያዘ ይመስለዋል። «ይቅር በል» የሚለው ትእዛዝ ከእጁ የሚያስጥለው ያንን የፍትሕ ስሜት ነው።

ሁሉም ሰው ግን በግልጽ «አልፈልግም» አይልም። ብዙው ቀጠሮ ይሰጣል። ሮማዊው ገዢ ፊልክስ ከሚስቱ ከድሩሲላ ጋር ተቀምጦ ጳውሎስን አስጠርቶ አዳምጧል (ሐዋርያት ሥራ 24)። ጳውሎስ የተናገረው ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለሚመጣው ፍርድ ነበር። ድሩሲላ የመጀመሪያ ባልዋን፣ የኤሜሳን ንጉሥ፣ ትታ ፊልክስን እንዳገባች የታሪክ ጸሐፊው ፍላቪየስ ዮሴፈስ ስለመዘገበ፣ ራስን ስለ መግዛት የተነገረው ቃል የት እንደነካቸው መገመት አያዳግትም። ፊልክስ ፈራ። «አሁንስ ሂድ፣ በተመቸኝም ጊዜ ልኬ አስጠራሃለሁ» አለው። አስጠራውም፤ ደጋግሞ ያነጋግረው ነበር፤ ጉቦ ይሰጠኛል ብሎ ተስፋ ያደርግ ነበርና። 2 ዓመት እንዲህ አለፈ፤ በመጨረሻም ጳውሎስን እንደታሰረ ትቶት ሄደ። ከእግዚአብሔር ቃል ጋር ሳይጣላ፣ እንዲያውም እያዳመጠው፣ ሰው ልቡን ሊዘጋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ከዘመናት በኋላ የሂፖ ጳጳስ የሆነው አውግስጢኖስም (354-430) በወጣትነቱ ንጽሕናን እንዲሰጠው እግዚአብሔርን ይለምን እንደነበረ፣ ነገር ግን ቶሎ እንዳይሆን ይመኝ እንደነበረ ራሱ ተናግሯል። የፈራው ጸሎቱ ሳይሰማ እንዳይቀር አልነበረም፤ ቶሎ እንዳይሰማ ነበር።

ሊደበቅ የማይገባው ሌላ ምክንያትም አለ። ብዙ ሰው ቅድስናን የጠላው የቅድስና ሰባኪዎችን አይቶ ነው። ከባድ ሸክም አስረው በሰው ትከሻ ላይ የሚጭኑ፣ እነርሱ ግን በጣታቸው እንኳ የማይነኩት የሃይማኖት መሪዎች በኢየሱስ ዘመንም ነበሩ፤ ማቴዎስ 23 ላይ እጅግ ከባዱ ተግሣጽ የወረደው በእነርሱ ላይ ነው፣ በቀራጮችና በአመንዝሮች ላይ አልነበረም። በሐሰተኛ ቅድስና የተጎዳ ሰው መጀመሪያ ሊሰማው የሚገባው ቃል እግዚአብሔርም ያንን ግብዝነት እንደሚጠላ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ብርሃንን ጠላ» ብሎ መፈረጅ የሚያሳየው ፈራጁ ራሱ ብርሃኑን በቅጡ አለማየቱን ነው።

ያልገባኝን እንዴት ልታመን?

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ቁጥር 17 ላይ ኢየሱስ ስለ ትምህርቱ እንዲህ ይላል፤ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ሊያደርግ የሚወድ ሰው ይህ ትምህርት ከእግዚአብሔር መሆን አለመሆኑን ያውቃል። ቅደም ተከተሉ እኛ ከለመድነው የተገለበጠ ነው። እኛ የምንለው «መጀመሪያ ይግባኝ፣ ከዚያ አደርገዋለሁ» ነው። እርሱ የሚለው ለማድረግ የተዘጋጀ ፈቃድ ካለ ማወቁ ይከተላል ነው። ይህ አእምሮን ዝቅ ማድረግ አይደለም። ከሰው ጋር ያለን ግንኙነትም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ አንድን ሰው ሙሉ በሙሉ ካወቅሁት በኋላ እወዳጀዋለሁ የሚል ሰው ወዳጅ ሳይኖረው ይሞታል።

በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ኢየሱስ ሥጋዬን ካልበላችሁ፣ ደሜን ካልጠጣችሁ ሕይወት የላችሁም ብሎ በተናገረ ጊዜ ብዙ ደቀ መዛሙርት «ይህ የሚያስጨንቅ ንግግር ነው» ብለው ወደ ኋላ ተመለሱ። ለዐሥራ ሁለቱም «እናንተ ደግሞ ልትሄዱ ትወዳላችሁን?» ሲላቸው ጴጥሮስ «ገብቶናል» ብሎ አልመለሰም። «ጌታ ሆይ፣ ወደ ማን እንሄዳለን? አንተ የዘላለም ሕይወት ቃል አለህ» ነው ያለው። ንግግሩ እርሱንም አስጨንቆት ሊሆን ይችላል። ተናጋሪውን ግን ያውቀዋል፤ ከእርሱ ጋር መንገድ ሄዷል፣ ሲፈውስ አይቷል፣ ሲያዝን አይቷል። ስለዚህ ያልገባውን ነገር ከገባው ሰው ጋር ይዞ ቀረ። ሙሉ መረዳት ሳይኖር መታመን ማለት በአጭሩ ይህ ነው፤ የማናውቀውን ዕቅድ በምናውቀው ባሕርይ ላይ እናሳርፈዋለን። ምንም ሳያውቁ ማመን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስም አይጠይቀውም።

ጥያቄ መጠየቅስ? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ሁለት ሰዎች መልአኩ ገብርኤልን ይጠይቁታል። ካህኑ ዘካርያስ፣ ልጅ እንደሚወለድለት ሲነገረው፣ ሽማግሌ ነኝ፣ ሚስቴም አርጅታለች፣ «ይህን በምን አውቃለሁ?» አለ። ማርያም ደግሞ «ወንድ ስለማላውቅ ይህ እንዴት ይሆናል?» አለች። ሲሰሙት አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ዘካርያስ ግን ቃሉን ከመቀበሉ በፊት ዋስትና ፈለገ፤ ማርያም ቃሉን ይዛ መንገዱን ጠየቀች። እርሱ ዲዳ ሆነ፣ እርስዋ መልስ አገኘች። ያገኘችው መልስም ሁሉን የሚያብራራ አልነበረም፤ የልዑል ኃይል ይጸልልሻል ተባለች፣ ለእጮኛዋ ምን እንደምትለው፣ ሰው ምን እንደሚላት፣ ልጅዋ መስቀል ላይ እንደሚሞት አልተነገራትም። «እንደ ቃልህ ይሁንልኝ» አለች። ስለ ዘካርያስም አንድ ነገር መታወስ አለበት፤ ተጠራጠረ ተብሎ ተስፋው አልተሰረዘበትም። ልጁ ዮሐንስ በጊዜው ተወለደ፣ አንደበቱም ተከፈተ። የእግዚአብሔር ታማኝነት በዘካርያስ ጥርጣሬ ልክ አልተቆረጠም።

ከዚህ የጠለቀው ጥያቄ የመከራ ጥያቄ ነው። ነቢዩ ዕንባቆም ግፍን አይቶ «እስከ መቼ?» ብሎ ጮኸ። የመጣለት መልስ ነገሩን አባሰው፤ እግዚአብሔር ጨካኞቹን ከለዳውያን፣ ማለትም የባቢሎንን ሰዎች፣ እንደሚያስነሳ ነገረው። ዕንባቆም ዝም አላለም፤ ክፉ ሰው ከራሱ የሚሻለውን ሲውጥ ለምን ዝም ትላለህ ብሎ እንደገና ሞገተ። ከዚያም በመጠበቂያው ላይ ቆሞ የሚመለስለትን ጠበቀ። በመጽሐፉ መጨረሻ በለስ ባታፈራ፣ ወይን ፍሬ ባይሰጥ፣ በረት ውስጥ ከብት ባይኖር እንኳ በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ይላል። የተለወጠ ሁኔታ የለም፤ ከለዳውያን እየመጡ ነው። ይህ ሰው ጥያቄውን ይዞ ወደ እግዚአብሔር ነው የሄደው፤ ጥያቄውን ይዞ ከእግዚአብሔር ከሚሸሽ ሰው የሚለየው በዚህ ነው።

ኢዮብማ ከሁሉ ያስደንቀኛል። የመጽሐፉ አንባቢ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች በሰማይ የሆነውን ያውቃል። ኢዮብ ግን በ42ቱም ምዕራፎች ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነገረውም። ልጆቹን ቀበረ፣ ሀብቱን አጣ፣ በአመድ ላይ ተቀመጠ፣ ጮኸ፣ የተወለደበትን ቀን ረገመ፤ «ለምን?» ለሚለው የተሰጠው መልስ ግን የለም። እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ሆኖ ሲናገረው ምድርን በመሠረትሁ ጊዜ የት ነበርህ፣ የዋልያዎችን መውለጃ ጊዜ ታውቃለህ፣ ለፈረስ ጉልበትን የሰጠኸው አንተ ነህን እያለ ጠየቀው።

አንዳንዶች ይህ መልስ ጭካኔ ነው ይላሉ፤ በቁስለኛ ላይ ኃይልን ማሳየት ይመስላቸዋል። እኔ ሦስቱን ወዳጆች ሳላይ እንዲህ ለማለት አልደፍርም። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ሙሉ ማብራሪያ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። መከራ የሚመጣው ከኃጢአት ነው፤ ኢዮብ መከራ ደርሶበታል፤ ስለዚህ ኢዮብ በድሏል። እንከን የማይወጣለት አመክንዮ ይመስላል። በልዳዶስ ከዚያም አልፎ ልጆቹን ለቀበረው አባት ልጆችህ የጠፉት በበደላቸው ሊሆን ይችላል እስከማለት ደረሰ። መጨረሻ ላይ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው፤ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው፣ ኢዮብ እንዲጸልይላቸውም ላካቸው። ሙሉ ማብራሪያ የያዙት ተሳሳቱ፤ ሳይገባው ፊቱን ወደ እግዚአብሔር አድርጎ የጮኸው ቅን ተናገረ ተባለ። ወዳጆቹ መልካም የሠሩት በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ነበር፤ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል ሳይናገሩ። ኀዘን ቤት ገብቶ «እግዚአብሔር ይህን ያደረገው ለዚህ ነው» ብሎ ለመናገር የሚቸኩል ሰው ይህን መጽሐፍ ደግሞ ያንብበው።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። «ሳይገባህም ታመን» የሚለው ቃል በክፉ ሰው እጅ ሲገባ ሰንሰለት ይሆናል። ገንዘብህን አምጣ፣ ለምን ብለህ አትጠይቅ፤ በደሉን ቻይ፣ ለማንም አትናገሪ፤ እግዚአብሔር ነግሮኛል፣ አንተ ዝም ብለህ ታዘዝ። እንዲህ ያለው ጥሪ ሰውን የሚያስጠጋው ወደ ሰው ነው። የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት ጳውሎስ ራሱ የሰበከላቸውን ነገር እንዲህ ይሆንን ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ስለመረመሩ ነው (ሐዋርያት ሥራ 17፥11)። ሐዋርያው ዮሐንስም መንፈስን ሁሉ አትመኑ፣ መርምሩ ብሏል። በእግዚአብሔር ታምኖ ሳለ ሰውን መመርመር የእምነት ጉድለት አይደለም። መመርመር የሚከለክል መሪ ቢገጥማችሁ ከዚያ ራቁ።

ታዲያ በእግዚአብሔር ባሕርይ ላይ እንድንደገፍ የሚያበቃን ምንድን ነው? ለክርስቲያን መልሱ መስቀሉ ነው። ሳይገባን እንድንታመነው የሚጠይቀን አምላክ እኛ ያለንበትን ቦታ ከሩቅ ሆኖ አላየውም። በጌቴሴማኒ ብትፈቅድ ይህን ጽዋ ከእኔ ውሰድ ብሎ ለመነ፤ ጽዋው አልተወሰደም። በመስቀል ላይ «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» ብሎ በመዝሙር 22 ቃል ጮኸ። «ለምን» የሚለው ጥያቄ በራሱ በልጁ አንደበት ተነግሯል፤ ስለዚህ ሲጠይቅ የሚያፍር አማኝ ሊኖር አይገባም። በዚያው ሰዓት ቅድስናና ፍቅር የት እንደሚገናኙም ታየ። ኃጢአትን እንደ ቀላል ነገር ያላለፈ አምላክ፣ ኃጢአተኛውንም ያልተወ አምላክ ነው። ብርሃኑ ሲያጋልጠን የሚጥለን መስሎን ለሸሸን ሁሉ ከዚህ የተሻለ መረጃ ሊሰጠን አይችልም።

ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ የያዘ አንድ ታሪክ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 5 ላይ አለ። ንዕማን የሶርያ ንጉሥ የጦር አለቃ፣ ኃያልና የተከበረ ሰው ነበር፤ ለምጽ ግን ነበረበት። ከእስራኤል የተማረከች አንዲት ትንሽ ልጅ ባደረገችው ጥቆማ ብር፣ ወርቅና የክብር ልብስ አስጭኖ መጣ። ነቢዩ ኤልሳዕ ደጅ ወጥቶ እንኳ አልተቀበለውም። መልእክተኛ ልኮ ሄደህ በዮርዳኖስ 7 ጊዜ ታጠብ አለው። ንዕማን ተቆጣ። ወጥቶ ይቆማል፣ የአምላኩን ስም ይጠራል፣ በእጁ ይዳስሰኛል ብሎ አስቦ ነበር። የደማስቆ ወንዞች አባናና ፋርፋ ከእስራኤል ውኃ ሁሉ አይሻሉምን ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሰውየው ለመዳን ፈልጎ ነበር የመጣው፤ ገንዘብ ለማውጣትም አልሰሰተም። ያልፈለገው የራሱን ዕቅድ መተው ነው። ዮርዳኖስ ለምን፣ 7 ጊዜ ለምን፣ ውኃው ከለምጽ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው አልነበረም። ያዳኑት አገልጋዮቹ ናቸው። ቀርበው «አባት ሆይ» አሉት፤ ነቢዩ ታላቅ ነገር አድርግ ቢልህ ኖሮ ታደርገው አልነበረምን? ታላቅ ነገር ቢሆን ኖሮ ክብሩን ሳይነካ ያደርገው ነበር። ታጠብና ንጹሕ ሁን መባል ግን በሰው ፊት ልብስን አውልቆ ለምጽን ማሳየት ነው።

ወረደ፤ ታጠበ፤ ሥጋውም እንደ ትንሽ ልጅ ሥጋ ሆነ። ተመልሶ በኤልሳዕ ፊት ቆሞ ከእስራኤል በቀር በምድር ሁሉ አምላክ እንደሌለ አሁን አወቅሁ አለ። ያወቀው ከታጠበ በኋላ ነው። ኤልሳዕ ስጦታውን አልቀበልም አለው።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ንዕማን ሁሉም ነገር ጠርቶለት አልነበረም። ለእግዚአብሔር መሠዊያ እንዲሆነው የሁለት በቅሎ ጭነት አፈር ይዤ ልሂድ ብሎ ለመነ፤ ገና አምላክን ከመሬት ጋር አያይዞ ነበር የሚያስበው። አስቸጋሪ ጥያቄም አነሳ፤ ንጉሡ እጄን ተደግፎ በጣዖቱ በሬሞን ቤት ሲሰግድ እኔም አብሬ ማጎንበሴ አይቀርም፣ እግዚአብሔር ስለዚህ ነገር ይቅር ይበለኝ አለ። ኤልሳዕ ረጅም ትምህርት አልሰጠውም፤ አፈሩንም አላስጣለውም። «በደኅና ሂድ» አለው፤ ንዕማንም ወደ አገሩ ሄደ።